እሬት ያልገባበት ክንፍ

የአይጥ ሽንት ሽታ እህል የሚነግድ ሰው ያውቀዋል። አፍንጫ ላይ ተጣብቆ ይውላል፤ ምግብ ሲቀርብ ጉሮሮ ይዘጋል። እኔ ያንን ሽታ ያሸተትኩት ከጆንያ ውስጥ አይደለም፤ ልጄ ሊበርበት ከተዘጋጀው አውሮፕላን ክንፍ ሥር ቆሜ ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ትዝ ሲለኝ አሁንም ያቅለሸልሸኛል። ሽታው ብቻ ቢሆን ታጥቤ በተውኩት። ሰዎቹም ያቅለሸልሹኛል። ከሰዎቹም አንዷ እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምኖረው ወላይታ ሶዶ ነው፤ ነገሩ የሆነው ባጃጅ ገና ወደ ከተማችን በገባ ሰሞን ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ጽሑፌ ቢጣመም ታገሡኝ። ሥራዬ ቆጮና ቡላ ነው። እንሰቱን ከገጠር አመጣለሁ፣ እፍቃለሁ፣ እጨምቃለሁ፣ ገበያ አወጣለሁ። ባሌ ቀደም ብሎ አርፏል። ከወለድኳቸው ልጆች የቀረልኝ ተመስገን ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ብየዳ ቤት ይሠራል። እኔ ደግሞ ፈሪ ነበርኩ። ማኅተም ያለበት ወረቀት የሚያስፈራኝ፣ ቀበሌ ስጠራ ነጠላዬን ሦስት ጊዜ የማስተካክል ሴት።

ተመስገን ሕፃን ሳለ ከከተማው ዳር ባለው የሣር ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ስታርፍ አይቷል። ያየ ሰው ሁሉ ረሳ፤ እሱ አልረሳም። አድጎ ብየዳ ሲለምድ ግቢያችን ውስጥ ብረት ማከማቸት ጀመረ።

«ምን ልትሠራ ነው?» አልኩት።

«አውሮፕላን።»

«የእኔን አልጋ በይደህ ሳትጨርስ?»

«ያንቺ አልጋ አይበርም እማ።»

እውነቱን ለመናገር አልጋም ሊበር ነበር ማለት ይቻላል፤ የአውሮፕላኑን አጥንት የሠራው ሰው ከጣላቸው የብረት አልጋዎች ነው። ቱቦላሬ ብረት ይከብዳል ብሎ ተወው። ሞተሩን ያወጣው ከአንዲት ከሞተች ቮልስ ነው። «ቮልስ በነፋስ ነው የምትቀዘቅዘው፤ ውሃ አትሸከምም» አለኝ። ጎማዎቹ የእጅ ጋሪ ጎማ ናቸው። ጭራውን የሚጎትተው ሽቦ የሞተር ሳይክል የፍሬን ሽቦ ነው። ቤንዚን መያዣው የዘይት ጀሪካን፣ መቀመጫው እግሩ የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር፣ ቀበቶው ከተገለበጠ ሚኒባስ የተፈታ። ፊት ላይ የሚሽከረከረውን ደግሞ የዋንዛ ጣውላ ደራርቦ፣ በኮላ አጣብቆ፣ ስንት ቀን ጠርቦ አወጣው።

ሁሉንም ነገር በእኔ ሚዛን ይመዝናል። ቡላ የምሸጥበትን ሚዛን ከገበያ ገና ስገባ ከእጄ ይቀማኛል። ብሎን ሳይቀር ይሰቅልበታል። የከበደውን ብረት በመሰርሰሪያ ይበሳሳዋል።

«ወንፊት አደረግከው እኮ» ስለው፣

«ወንፊት ይበራል። ድስት ነው የማይበረው» ይለኛል።

ትልቁ ችግር ክንፉ ነበር። ጎድኖቹን ከቀርከሃ ሠርቶ በእንሰት ቃጫ አሰራቸው፤ በላዩ አቡጀዴ አለበሰው። ጨርቁ ግን እንደ ከበሮ መወጠር አለበት። «አንድ ቦታ ላልቶ ከተቀደደ ነፋሱ ይገባና እንደ ጃንጥላ ይገለብጠዋል። ያኔ ክንፍ የለም፤ እኔም የለሁም» አለኝ። ውጭ አገር ለዚህ የሚቀባ መድኃኒት አለ አሉ፤ ሶዶ ማን ያመጣዋል? ታዲያ አንድ ቀን ቡላ ያጠለልኩበት ጨርቅ ገመድ ላይ ደርቆ እንደ ጣውላ ቆሞ አየው። ጨርቁን በጣቱ መታው። ጧ አለ። መታው፣ አሁንም መታው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እንደ እብድ መሳቅ ጀመረ።

«እማ! መድኃኒቱን ስትሸጪው ኖረሻል!»

ቡላውን አቅጥኖ አፍልቶ ጨርቅ ላይ ቀባ፤ ሲደርቅ ቫርኒሽ ደረበበት። ጥሩ ሆነ። ቤት ውስጥ ለሙከራ የሰቀላትን ትንሽ ቁራጭ ግን በሦስተኛው ቀን አይጥ በልቷት አገኘ። ለነገሩ አይጥ ምን ያድርግ? ምግብ ነው የቀባለት።

«አይጥ የማይቀምሰው ነገር ንገሪኝ» አለኝ።

«እሬት ነዋ። አንተንስ ከጡት ያስጣልኩህ በምን ሆነና? ጡቴን እሬት ቀብቼ ነው። አንዴ ቀምሰህ ሳምንት አኮረፍከኝ።»

«በቃ! እኔን ከጡት ያስጣለ እሬት አይጥን ከክንፍ ያስጥላል።»

ከገደሉ እሬት ቆርጦ፣ ጨምቆ፣ ግማሽ ጀሪካን አመጣልኝ። «ከቡላው ጋር አብረሽ አፍይልኝ፤ እኔ ከሥራ ስመለስ እቀባዋለሁ» ብሎኝ ሄደ።

አሁን የምነግራችሁን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም። ድስቱ እሳት ላይ ነው። ቡላው ነጭ፣ ለስላሳ፣ እየተንተከተከ ነው። ጀሪካኑን አነሣሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። በእኛ ዘንድ ቡላ የአራስ ምግብ ነው። በወለድኩ ቁጥር እናቴ በቅቤ ሠርታ ያበላችኝ እሱን ነው። ልጆቼን ቀብሬ ስመጣም ጎረቤት አፌ ላይ ያደረገልኝ እሱን ነው። ያንን በእሬት አምርሬ ማበላሸት ኃጢአት ሆነብኝ። ደግሞስ አይጡን ካየሁ ወዲህ ያመጣኋት ድመት አለችኝ አልኩ። የድመቴ ጥፍር እያለ እሬት ምን ያደርጋል አልኩ። እሬቱን አጥር ሥር ደፋሁት። ልጄ ሲመጣ «ጨመርሽው?» አለኝ። «ጨመርኩ» አልኩት። ከድስቱ የተረፈውን ቅቤ አድርጌ በላሁት፤ ጣፈጠኝ።

ክንፉ ሲያልቅ ገልብጦ በርጩማ ላይ አስቀመጠው፤ አሸዋ የሞሉ ጆንያዎችን ደረደረበት። የሚሸከመው ክብደት በዚህ ይታወቃል አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ «ተመስገን ሱቅ ከፈተ እንዴ?» እያለ ሲያሾፍ ክንፉ ትንሽ ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም። ድመቷም ሥራዋን ሠራች፤ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጥርስ አላረፈበትም። እኔም እሬቱን ረሳሁት።

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ አንድ መሥሪያ ቤት መጣ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ኃላፊው አቶ መልካሙ ይባላል፤ ስሙን ቀይሬዋለሁ። ያኔ «እሳቸው» ነበር የምለው፤ አሁን እሱ እላለሁ። ኮፍያ አድርጎ፣ ሆዱን አስቀድሞ ግቢዬ ገባ።

«ማዘር፣ ልጅሽ የእኛ ውጤት ነው» አለኝ።

ስፍቅ፣ ስጨምቅ፣ ጆንያ ስሸከም አይቼው አላውቅም። ግን አንገቴን ደፍቼ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አልኩት።

የሜዳውን ፈቃድና ቤንዚኑን እኛ እንጨርሳለን አለ። አውሮፕላኑ ግን በመንግሥት መጋዘን መቀመጥ አለበት፤ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ክንፉን ፈታትተው በአይሱዙ ጭነው ወሰዱት። መጋዘኑ የምርጥ ዘር በቆሎ የሚከማችበት ነው። አራት ሳምንት ተቀመጠ። ተመስገን ቁልፍ ለማግኘት ይመላለሳል፤ ዛሬ ስብሰባ ነው፣ ነገ ግምገማ ነው ይሉታል። ጭራሽ አንድ ቀን ሄዶ ሲያይ ክንፉን በዘይት ቀለም ቀብተው መፈክር ጽፈውበታል። ተናዶ መጣ።

«ቀለም ይከብዳል! ሚዛንሽን ስጪኝ፣ የአንድ ጣሳ ቀለም ክብደት ላሳያቸው!»

«ዝም በል ልጄ» አልኩት። «ሰዎቹን አታስቀይም።»

እንዲህ ነበርኩ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። በጠዋት ሜዳው ደረስኩ። ከብቶቹን አባርረው ድንኳን ተክለዋል፣ ቀይ ምንጣፍ ዘርግተዋል፣ ማይክራፎኑ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» ይላል። ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ሰንጋ ታርዶ ተሰቅሏል፤ ዝንብ ወሮታል። አውሮፕላኑ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆሟል። ተመስገን ከአሠሪው፣ ከብየዳ ቤቱ ጌታ ጋር ሞተሩ ላይ ተደፍቷል። ፀሐይ ስለከረረች ክንፉ ሥር ገብቼ ተጠለልኩ።

ያኔ ሸተተኝ።

መጀመሪያ ከሜዳው መሰለኝ። ዞር ዞር አልኩ። አንገቴን ቀና አድርጌ ጨርቁን አሸተትኩት። እሱ ነው። ለዓመታት ከጆንያዬ ስዋጋው የኖርኩት ሽታ ነው። የክንፉን ሆድ በመዳፌ ዳሰስኩ። አንድ ቦታ ቀለሙ ወፍራም ሆኖ አበጥ ብሏል። ጥፍሬን ሳሳርፍበት ፕላስተር ነው፤ ካርቶን የሚታሸግበት ፕላስተር። ከጎኑ ሌላ። ወዲያ ሌላ። ስድስት ቆጠርኩ። በመጨረሻው ላይ እጄን እንዳሳረፍኩ ከውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ መዳፌን ገፋ አድርጎ አለፈ። እጄን ነጠቅኩ።

«አትንኪው የኔ እናት» አለኝ አንድ ሰው። ጋሽ ሞላ ነው፤ የመጋዘኑ ጠባቂ፤ ሽማግሌ ነው።

«ጋሽ ሞላ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ዓይኑን ወደ ድንኳኑ ላከ። «አይጥ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ነው የገባው። ለአቶ መልካሙ ነገርኩ።»

«ምን አለህ?»

«ለጥፍና ቀባው አለኝ። ለጠፍኩ፣ ቀባሁ።»

«ለልጄስ አልነገርከውም?»

«ሚስማር ነው የቀደደው በለው ተባልኩ። አልኩት።» አፉን በክንዱ ጠረገ። «ጡረታዬ ደርሷል የተመስገን እናት። አራት ወር ነው የቀረኝ።»

ልተፋበት ፈለግኩ። ግን የሱ ውሸትና የእኔ ውሸት አንድ ክንፍ ላይ ነው የተለጠፈው። ምን አፍ አለኝ?

እየተደናቀፍኩ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ሄድኩ። አቶ መልካሙ እንግዶቹ ሳይመጡ ከሰንጋው ጋር ተያይዟል። በአንድ እጁ ቢላዋ፣ በአንድ እጁ ጥሬ ሥጋ፤ የሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ እስከ ጉንጩ ነክቶታል።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ ክንፉ ውስጥ...»

«ማዘር! የጀግና እናት! ነዪ ጉረሺ!»

«አልበላም ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ፣ አይጡ ክንፉን...»

«ሞት ለመልካሙ! በሞቴ!»

ጉርሻው መጣ። ጡጫ የሚያህል ቀይ ሥጋ ከነዳጣው አፌ ውስጥ ከተተው፤ ወፍራም ጣቱ ምላሴን ነካው። አብረውት ያሉት አጨበጨቡ። ሳኝክ፣ ሳኝክ፤ ሥጋው አያልቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ። እሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ፈገግታው ሳይጠፋ፣ እንዲህ አለኝ፤

«ሰማሁሽ። ትንሽ ቀዳዳ ናት። እንግዶቹ ከሆሳዕና ተነሥተው መንገድ ላይ ናቸው። አንዴ ድንኳኑን ዞሮ ይወርዳል፣ አለቀ። እናት ሆነሽ የልጅሽን እንጀራ አትዝጊ።»

ሌላ ጉርሻ ጠቀለለ። «ጉርሻ አንድ ያጣላል» አለ፤ ሁሉም ሳቁ። ሁለተኛውንም ዋጥኩት። አዎ፣ ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ጥሬ ሥጋ ሲነሣ ከቤት የምወጣው ለዚህ ነው።

ወደ ልጄ ሮጥኩ። መነጽር ግንባሩ ላይ አድርጓል፤ የብየዳ መነጽሩ ነው፣ ጥቁሩን አውጥቶ ነጭ መስታወት አስገብቶበታል። እጁ ቅባት በቅባት ነው። እንደዚያ ቀን ሲያምር አይቼው አላውቅም።

«ተመስገን፣ ክንፉ ውስጥ አይጥ አለ።»

ሳቀብኝ። «እሬት የሚበላ አይጥ ካለ እኔም ልየው።»

«ቀዳዳ አለው! ለጥፈው ቀብተውበታል!»

«አውቃለሁ፣ የመጋዘን ሚስማር ነው። በጣቴ መታሁት፤ ያልተለጠፈው ቦታ ከበሮ ነው። የሆነ ሆኖ ከመሬት ከአንድ ክንድ በላይ አልነሣም ነበር፤ ይሄ ሰውዬ ነው ድንኳኑን ካልዞርክ ፈቃዱን እሰርዛለሁ ያለኝ። አንዴ እዞራለሁ፣ በቃ።»

«ሽታውስ? ሸቶኛል እኮ!»

«መጋዘን የከረመ ነገር ሽቶ ሽቶ ይሽተት እንዴ?» ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ በክርኑ፣ እንዳያቆሽሸኝ ብሎ በክርኑ፣ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «አይዞሽ እማ። አንቺ በእጅሽ ያፈላሽው እሬት አለበት። እኔ የምተማመነው በቮልሷ ሞተር አይደለም፤ በእሱ ነው።»

አፌን ከፈትኩ። «አልጨመርኩም» ማለት አንድ ቃል ናት። አልወጣችም። የብየዳ ቤቱ ጌታ ያየኛል፣ ፖሊሱ ያየኛል፣ ልጄ ያየኛል። ውሸታም እናት መሆን እንደሞት ከበደኝ። ከሱ ሞት ይልቅ የእኔ እፍረት ከበደኝ። ይህን ስጽፍ እንኳን ብዕሩን ልወረውር ምንም አልቀረኝም።

«ታ ናዓው» አልኩት በእኛ ቋንቋ፤ ልጄ ሆይ ማለት ነው። እሱ ምርቃት መሰለው። «አሜን» ብሎ ወደ ሞተሩ ዞረ።

መኪኖቹ መጡ። አቧራው ሥጋው ላይ አረፈ። እንግዶቹ ወርደው ወንበር ያዙ፤ ፖሊስ እኛን ከገመድ ውጭ አደረገን። አቶ መልካሙ አፉን ጠርጎ ማይክራፎን ያዘ። ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ተናገረ፤ ስለ ራዕይ ተናገረ፤ «መሥሪያ ቤታችን ከዲዛይን እስከ ምርት ባደረገው ድጋፍ» አለ። ሰው አጨበጨበ። ተመስገን ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀበቶውን አሰረ። የብየዳ ቤቱ ጌታ ከፊት ቆሞ የዋንዛውን ጣውላ ያዘ፤ እሱ ሲያሽከረክረው ነው ሞተሩ የሚነሣው።

አንድ ጊዜ አዞረ። ሞተሩ አሳለና ዝም አለ።

ሁለተኛ አዞረ። ጭስ ተፋና ዝም አለ። ሰው «ኤጭ!» አለ፣ ሳቀ።

ሦስተኛውን ሊያዞር እጁን ሲያነሣ ክንፉን አየሁት። ከሥሩ፣ በአንደኛው ፕላስተር ጠርዝ በኩል፣ ቀጭን ጭራ ወጥታ ተመልሳ ገባች። ከእኔ በስተቀር ያየ የለም። ሰዎቹ የሚያዩት መፈክሩን ነው።

በገመዱ ሥር እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ፖሊሱ ነጠላዬን ያዘ፤ ነጠላዬን ተውኩለት። በቀይ ምንጣፋቸው ላይ አቧራ በጠጣ ጫማዬ ሮጥኩ።

«አታዙረው! አታዙረው!» ብዬ ጮህኩ። የብየዳ ቤቱ ጌታ ደንግጦ እጁን አነሣ።

የቤቴ ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ ነው። እሱን በጥሼ ፕላስተሩ ላይ ሰካሁትና ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ታች ጎተትኩ። ጨርቁ ተረተረ። የተቦጫጨቀ አቡጀዴ፣ የበቆሎ ፍሬ፣ ፍግ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር እላዬ ላይ ተዘረገፈ። ከመሐሉ ጣት የማያህሉ፣ ፀጉር ያላወጡ፣ ቀያይ የአይጥ ልጆች ምንጣፉ ላይ ወድቀው ተንፈራገጡ። አንዷ ጡቶቼ መሐል ገብታ ነበር። እናቲቱ ዘልላ በእንግዶቹ እግር ሥር ሮጠች፤ አንድ ከረባት ያሰረ ትልቅ ሰው ወንበር ላይ ወጣ። ሽታው ሲነሣ የፊተኛው ረድፍ ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ማይክራፎኑ እንደበራ ነው፤ የአቶ መልካሙ ድምፅ ሜዳውን ሞላው፤ «ማነው ይቺን ሴት ያስገባት? ፎቶ አታንሱ! ካሜራ አጥፋ!»

ተመስገን ቀበቶውን ፈታ። ቀስ ብሎ ወረደ። ሜዳውን የሞላው ሕዝብ ይመታታል ብሎ ነው የጠበቀው፤ እኔም። አይጦቹን አላያቸውም። እኔን ነው ያየው።

«እሬቱስ?» አለኝ።

«አልጨመርኩም።»

«ጨመርኩ ብለሽኝ ነበር።»

«ዋሸሁህ። ቡላውን ማምረር አልቻልኩም። ደፋሁት።»

ያመነኝ አልመሰለኝም። ከተቀደደው ክንፍ ላይ ቀለም ያልነካውን የውስጥ ጨርቅ ቀደደ። የአይጥ ሽንት የነካውን ጨርቅ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አፉ ውስጥ ከተተና አኘከው። እያኘከ ዓይን ዓይኔን ያያል። ከዚያ ተፋውና እንዲህ አለ፤

«ይጣፍጣል።»



እንግዶቹ መኪና ውስጥ ገቡ፤ ግን አልሄዱም። ምንጣፉ እስኪጠረግ ነው የጠበቁት። ከዚያ ወርደው ሥጋውን በሉ። ሳቃቸው ከድንኳኑ ሲወጣ ልጄ ሜዳው ላይ ተንበርክኮ የክንፉን ጨርቅ ይገፍፋል። ሲጨርስ ጠራኝ። ጎድኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ አሳየኝ። ቀርከሃውን ከዋናው እንጨት ጋር ያሰረው ቃጫ በአምስት ቦታ ተቆርጧል፤ ቃጫውም ቡላ ጠጥቶ ነበርና አይጦቹ ግጠውታል። አንዱን ጎድን በሁለት ጣቱ ሳብ ሲያደርገው እንደ ላላ ጥርስ ወጣ። እጄ ላይ አስቀመጠልኝና ሄደ።

መሥሪያ ቤቱ «ንብረት በማውደም» ብሎ ደብዳቤ ጻፈብኝ። ጋሽ ሞላ ምስክር ተብሎ ተጠርቶ «ሚስማር ነው» አለ አሉ። ጡረታው በሰላም ወጣለት። ተመስገን አረካ ከተማ ሄዶ ብየዳ ቤት ተቀጠረ። ሰባት ወር አላናገረኝም። በሰው በኩል ሳሙና ይልክልኛል፤ ቃል አይልክም።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ በተለይ እናቶች፣ ልጅሽን አዳንሽው ትሉኝ ይሆናል። ጎረቤቶቼም ይሉኛል፤ አልወድላቸውም። ሞቱን ያፈላሁት እኔ፣ በገዛ ድስቴ። ኃላፊው ቀለም ቀባበት፣ ሽማግሌው ፕላስተር ለጠፈበት፣ እኔ ደግሞ «ጨመርኩ» የምትል ቃል ቀባሁበት። እነሱን አይቼ የሚያቅለሸልሸኝን ያህል፣ ያንን የተረፈ ቡላ በቅቤ ስበላ የነበረችውን ሴት ሳስብ ይብስብኛል። አይጥ እንኳን የበላው ርቦት ነው።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠብኝ ብዙ አይደለም። አሁንም ማኅተም ያስፈራኛል። ግን አፌን በጉርሻ የሚዘጋኝ ሰው የለም፤ እጁን ይዤ አስቆማለሁ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሴቶቹ ዝም በይ ብለው ሲጎነትሉኝ እነሣለሁ፤ ድምፄ ይሰበራል፣ አላቆምም። በደብዳቤው ጉዳይ ስጠራም የሆነውን ሁሉ፣ የእሬቱን ሳይቀር፣ ተናገርኩ። የሚጽፈው ልጅ ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ፤ «ይሄንን ልጻፈው?» አለኝ። «ጻፈው» አልኩት።

በሰባተኛው ወር፣ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ተመስገንም መጣ። በአንድ ትከሻው የአቡጀዴ ጣቃ፣ በሌላ እጁ ጀሪካን ይዟል። ሰላም አላለኝም። ድስቱን አውርዶ እሳት ላይ ጣደ። ሚዛኔን ከግድግዳ አወረደ፤ ቡላውን መዘነ፣ እሬቱን መዘነ፣ ጀሪካኑን በእጄ አስያዘኝ።

«አሁን አንቺ ጨምሪ» አለ። «እኔ እዚህ ቆሜ አያለሁ።»

ጨመርኩ። ነጩ ቡላ አረንጓዴ እየሆነ ዞረ፤ ጠረኑ ተነሣ። አማሰልኩት። ሲበስል እሱ በማማሰያው ጫፍ ትንሽ ጨልፎ ወደ አፌ አመጣው። ወደ ኋላ አላልኩም። ቀመስኩት። ምላሴ ተኮማተረ፣ እንባዬ ወረደ፤ ግን ዋጥኩት።

«በቃው?» አለኝ። በሰባት ወር የመጀመሪያ ጥያቄው ነው።

«አልበቃውም» አልኩት። «ጨምርበት።»